«እኔ ጋ ይሠራል»

ፕሮግራም ጽፎ ማስረከብ ማንም ይችላል። ጽፎ፣ አስረክቦ፣ የተረካቢው ኮምፒውተር አልቀበልም ሲል ወንበር ላይ ዘና ብሎ «እኔ ጋ ይሠራል» ማለት ግን ጸጋ ነው። ይህ ጽሑፍ ለባለጸጋዎቹ ይሁንልኝ። እስከ ዛሬ ሐውልት ያልቆመላቸው እኛ ውለታ ቢሶች ሆነን ነው።

ነገር ማክበድ የሚወዱ ሰዎች አሉ። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ በተባሉት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ሁሉ ላይ ስለሚሄድ፣ መጀመሪያ ያረፈው ማን ቤት እንደሆነ ይጠይቅ፤ መጠየቂያውም አንድ መስመር ነው ይላሉ። መጠየቅ! «የማን ቤት ነው?» የሚለው እንግዳ ነው። የእኛ ጀግኖች የሄዱበት ሁሉ ቤታቸው ነው።

መሥሪያ ቤታችን ያሉትን ጋሼን ልውሰድ። የወር መጨረሻውን ሪፖርት የሚያወጣው ስክሪፕት የእጃቸው ሥራ ነው። ሪፖርቱ ይቀመጥ የነበረው ሲ ድራይቭ ላይ፣ «ኒው» በተባለ ፎልደር ውስጥ ነበር። ዊንዶውስ አድራሻ ሲጽፍ ባክስላሽ (\) ያስገባል፤ ፓይተን ደግሞ ባክስላሽና «ኤን» የተባለችውን የላቲን ፊደል ጎን ለጎን ሲያገኝ «አዲስ መስመር ጀምር» የተባለ ይመስለዋል። ስለዚህ «ኒው» ራሱ ተቆርጦ ቀሪው ወደ ታች ወረደ፤ ፎልደሩም አልገኝ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ባክስላሹን ይደግመው ነበር። ወይም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከፓይተን ጋር ለሚመጣው «ፓዝሊብ» አድራሻውን እንደየኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የመገጣጠሙን ሥራ ይተውለት ነበር። ጋሼ ግን ችግሩን ከሥሩ ነቀሉት፤ የፎልደሩን ስም «ኦልድ» ብለው ቀየሩት። «ኦ» ፓይተንን አታስደነግጠውም። ከዚያን ቀን ወዲህ አዲሱ ሪፖርት ሁሉ «አሮጌ» ውስጥ ይገባል። እውነተኛውን አሮጌ የፈለገ ጋሼን ይጠይቅ።

ሐሜቱ ሲበዛ መጠየቅንም ለመዱ። የሲስተሙ ስም ውስጥ «ዊን» የሚል ካለ ዊንዶውስ ነው፤ ከሌለ ሊኑክስ ነው አሉ። ብልኃቱ አያስደንቅም? ፓይተን ዊንዶውስን «ዊን32» እያለ ይጠራዋል፤ ማሽኑ ባለ64 ቢት ቢሆንም ያው «ዊን32» ነው። ሁሉም በሰላም ሲሄድ አለቃችን ማክ ገዙ። ማክ በፓይተን ሲጠየቅ ስሜ «ዳርዊን» ነው ይላል። እስኪ «ዊን» እዚያ ውስጥ እንዳለ ፈልጉ። አገኛችሁት? ስክሪፕቱም አገኘው። ማኩን ዊንዶውስ ነህ ብሎ ስክሪኑን እንዲያጸዳ በዊንዶውስ ቋንቋ አዘዘው፤ ማኩ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም አለ። ስክሪፕቱ ግን አላፈረም። ሲ ድራይቭ የሚባል ነገር በሌለበት ማሽን ላይ ሪፖርቱን ሲ ድራይቭ ላይ አስቀመጠ። ማክም እንግዳ አክባሪ ነውና ኮለኑንም (:) ባክስላሹንም ሳይንቅ አድራሻውን በሙሉ የፋይሉ ስም አደረገው። ስምህ ማነው ሲባል ከክፍለ ከተማው ጀምሮ እስከ ቤት ቁጥሩ እንደሚዘረዝር ሰው ማለት ነው። አለቃችን ሪፖርቱን ለሁለት ቀን ፈለጉት።

የደንበኞች ስም በፊደላችን ተጽፎ የመጣ ዕለት ደግሞ ስክሪፕቱ ቀጥ አለ። ፓይተን ዊንዶውስ ላይ ፋይል ሲከፍት፣ ካልነገሩት በቀር የኮምፒውተሩን የቋንቋ ምርጫ ይከተላል። በእንግሊዝኛ በተዋቀረ ማሽን ላይ ይህ ማለት 256 ቦታ ብቻ ያለው የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ነው፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንዲትም መቀመጫ የለንም። ፊደላችን የዓለም ፊደላት የጋራ ሰንጠረዥ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ ፋይሉ ሲከፈት የዩኒኮድን አጻጻፍ የምትመርጠውን «ዩቲኤፍ-8» የምትል ቃል ጣል ማድረግ ይበቃ ነበር። የፓይተን ሰዎችም ከስሪት 3.15 ጀምሮ ይህ ሳይነገር እንዲሠራ ወስነዋል። ጋሼ እነሱን አልጠበቁም። ደንበኞች ስማቸውን በላቲን ፊደል እንዲሞሉ የሚያሳስብ ማስታወቂያ በር ላይ ለጠፉ። ፀሐይ የተባለች አንዲት ደንበኛ በአራት ዓይነት አጻጻፍ ተመዝግባ አራት ሰው ሆነች፤ የደንበኞቻችን ቁጥርም አደገ።

የሊኑክስ ወገን ቅር እንዳይለው፣ ጸጋው እዚያም ሞልቷል። አንድ ወጣት ባልደረባችን በፋይሎቹ ስም ላይ ሰዓት መጻፍ ይወዳል፤ «3:30» እያለ። ሊኑክስ ግድ የለውም። ዊንዶውስ ላይ ግን ከኮለኑ በፊት ያለው ብቻ የፋይሉ ስም ይሆንና፣ ጽሑፉ ዓይን በማያየው ጓዳ ይገባል፤ ከውጭ የሚታየው ዜሮ ባይት የሆነ ባዶ ፋይል ነው። ስሕተት የሚል መልእክት እንኳ አይመጣም። (የራሳችንን ሁለት ነጥብ ቢጠቀም ዊንዶውስ በደስታ ይቀበለው ነበር፤ ግን ማን ለአገር ምርት ይጨነቃል?) ተጠየቀ። መልሱን ታውቁታላችሁ።

በቅርቡ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ ተቀጠረችና ስክሪፕቱ ወደ ሰርቨሩ ይዛወር አለች።

«ጋሼ፣ ሰርቨሩ ሊኑክስ ስለሆነ አድራሻዎቹን ላስተካክላቸው?»

«ልጄ፣ ምን ያደክምሻል? እኔ ጋ ይሠራል።»

ስብሰባ ተጠራና ሁሉንም የሚያስማማ መላ ተገኘ፤ የጋሼ ላፕቶፕ ራሱ ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ፣ ሰርቨሩ ጀርባ ላይ ተቀመጠ። «አይነካ! አይዘጋ!» የሚል ወረቀትም ተለጠፈበት። ወረቀቱ የተጻፈው በአማርኛ ስለሆነ በእጅ ነው።

ባለፈው ወር ጋሼ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው ደብረ ብርሃን ሄዱ። ዕቃቸውን ለማንም አያምኑምና ላፕቶፑንም ይዘውት ሄዱ። ወሩ ሲያልቅ ሪፖርቱ ቀረ። አለቃችን ደነገጡና ስልክ አስደወሉ። ጋሼ ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሱት፤ ከበስተኋላቸው የሠርግ ዘፈን ይሰማል።

«ሪፖርቱ ነው? አትጨነቁ» አሉ። «አሁን አየሁት፤ እኔ ጋ ይሠራል።»