ኪልት የሚያሰኘው ምኑ ነው?

ክርክሩን ያስነሱት ሶፋ ላይ የተዘረጉ ሁለት ኪልቶች ናቸው፤ ኪልት ስኮትላንዳውያን ወንዶች የሚታወቁበት፣ ጉርድ ቀሚስ የሚመስል ልብስ ነው። ኤድንብራ የሚኖሩ ወዳጆቻችን ልጃቸውን ለስኮትላንዳዊ ሊድሩ ነው። የሙሽራው ወገን ሚዜዎች በሙሉ ኪልት ይልበሱ ብሏል። ከእኛ በኩል የተመረጡት ሁለት ወጣቶች ናቸው። አንደኛው ሮያል ማይል በሚባለው የኤድንብራ መንገድ ላይ ከሚገኝ የቱሪስት ሱቅ ቀይ ታርታን፣ ማለትም ባለ ቀለም መስመሮች የተጠላለፉበት ጥለት ያለው ኪልት፣ በርካሽ ገዝቶ መጣ። ሌላኛው ይዞ የመጣው ጥቁር የጂንስ ኪልት ነው። ጎንና ጎኑ ላይ ኪስ አለው፤ አንድም መስመር የለበትም።

ቡናው ሳይቀዳ ባለቀዩ ጀመረ። «ይሄ ሱሪ ሊሆን ሲል የቀረ ነገር ነው። ኪልት አይባልም።»

«ያንተ ነው ኪልት? ንካው እስኪ፣ ፕላስቲክ ነው የሚመስለው» አለ ባለጂንሱ።

ጋሼ ጣልቃ ገቡ። እዚህ አገር ከርመዋል፣ የአገሩን ነገር ያውቃሉ። «ልጆች፣ ኪልት ያለ ታርታን የለም። ሰው ከሩቅ አይቶ የሚለየው በዚያ ነው።»

ከመካከላችን አንዷ ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። ኪልት የሚሰፋበት ቤት ሠርታለች። «ጋሼ፣ አይቆጡኝና ታርታኑ አይደለም» አለች። ለንደን ስኮቲሽ የሚባለውን ክፍለ ጦር አነሳች። ሲቋቋም እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ ኪልቱ ደግሞ ሆደን ግሬይ የሚሉት ያልተዥጎረጎረ፣ ግራጫና ቡኒ የተቀላቀለበት ጨርቅ ነው። አዛዡ ወታደር ከሩቅ እንዲታይ አልፈለገም። ባግፓይፕ የሚሉትን ባለ ከረጢት ዋሽንት የሚነፉ አየርላንዳውያንም አንድ ወጥ ቢጫ ኪልት ይለብሳሉ። «እነሱን ኪልት አልለበሳችሁም የሚላቸው አለ?» ታርታን የራሱ መዝገብ እንዳለውም ጨመረች። በ2008 ሕግ ወጥቶለት የስኮትላንድ የታርታን መዝገብ ተቋቁሟል። የሚመዘገበው ግን የጨርቁ ንድፍ ነው። ከዚያ ጨርቅ ክራባትም ተሰፋ ኪልት፣ መዝገቡ ግድ የለውም።

ጋሼ በዚህ አልተረቱም። «እሺ፣ ታርታኑ ይቅር። ግን ይሄ ሕዝብ የታሰረበት ልብስ ነው። እንደ ፋሽን ማንም እየተነሳ የሚቀያይረው አይደለም።»

ይሄ ከባድ ነጥብ ነው፤ ቤቱም ለአፍታ ጸጥ አለ። ሃይላንድ ከሚባለው የስኮትላንድ ተራራማ ክፍል የተነሱ አማፅያን በመንግሥት ጦር ከተሸነፉበት የከሎደን ጦርነት በኋላ በ1746 የወጣው ሕግ ከወታደሩ በቀር በስኮትላንድ ላሉ ወንዶች የሃይላንዱን ልብስ፣ ኪልትን፣ ከልክሏል። ለብሶ የተያዘ ስድስት ወር ይታሰራል። ከደገመ ባሕር ተሻግሮ ለሰባት ዓመት ይጋዛል። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበትን ልብስ አንድ ሰው ከጂንስ ሰፍቶ ኪስ ሲያበጅለት ጋሼን ቢያንገበግባቸው አልፈርድባቸውም።

ባለጂንሱ ግን መልስ ነበረው። ያኔ የተከለከለው ልብስስ ዛሬ የምናየው ነው ወይ? አለ። ጥንት የሚለበሰው ትልቁ ኪልት ሽንሽኑ ስፌት አያውቀውም። የሚሰፋው ጨርቁ ብቻ ነው፤ ሽመናው ጠባብ ስለነበር ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ይጋጠማል። ለባሹ ቀበቶውን መሬት ላይ ያነጥፋል፣ ጨርቁን በላዩ ላይ በእጁ እየሸነሸነ ያስተኛል፣ ይተኛበትና ይታጠቀዋል። የተረፈውን ትከሻው ላይ ይጥላል። ማታ ይከናነበዋል።

«ጋቢ ነዋ!» አሉ ጋሼ፣ ሳቅ እያሉ።

ከወገብ በታች ብቻ የሚለበሰው ትንሹ ኪልት የመጣው በኋላ ነው። በ1785 የታተመ አንድ ደብዳቤ ትንሹን ኪልት በ1720ዎቹ የጀመረው ራውሊንሰን የሚባል እንግሊዛዊ የብረት ማቅለጫ ባለቤት ነው ይላል፤ ሠራተኞቹ ትልቁን ለብሰው መሥራት አስቸግሯቸው ነበርና። ብዙ ስኮትላንዳውያን ይህን አይቀበሉም። የሆነው ሆኖ ትንሹ ኪልት ራሱ በዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። ሽንሽኑ በክር መሰፋት የጀመረውም በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ታርታን አለው የሚባለውም ደርቶ የተስፋፋው ክልከላው ከተነሳ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «ታዲያ ጋሼ፣ ማንኛው ላይ እናቁም?» አለ ባለጂንሱ።

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ሁለቱንም ገለበጠቻቸው። እኔ በበኩሌ ዓይኔ የተከፈተው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ቀዩን ያዘች። ሽንሽኖቹ ጥቂት ናቸው። አውራ ጣቷን አንዱ ውስጥ ስትከት ጥፍሯ እንኳ አልተሸፈነም። ከወገቡ መቀነት በታች አንድም ክር አልያዛቸውም፤ በካውያ የተመቱ ብቻ ናቸው። ሳብ ስታደርገው ተዘረጋና ሜዳ ሆነ። ከኋላ መስመሮቹ እንዳጋጣሚ ወድቀዋል። መዝጊያው ቬልክሮ ነው።

ቀጥላ ጂንሱን። ከፊት ሁለት ለጥ ያሉ ክንፎች አሉት፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ በቀኝ በኩል በቆዳና በዘለበት ይታሰራል። ከኋላ ሽንሽኑ ጥልቅ ነው። ጣቷ ሙሉ በሙሉ ገባ። ከወገብ እስከ ዳሌ ተሰፍቷል፣ ከዚያ በታች ተለቋል። «ጠርዙ ታጥፎ መሰፋቱ አይመቸኝም» አለች። የደንቡ ኪልት ታች ጠርዙ የጨርቁ የራሱ ዳር ነው፤ አይቆረጥም፣ አይታጠፍም። «ግን ይሄ ኪልት ነው።»

ከዚያ እጅ ሥራው ምን እንደሚመስል ነገረችን። ለአንድ ኪልት ስምንት ያርድ ሱፍ ይገባል፤ ከሰባት ሜትር በላይ ማለት ነው። ሰፊው የመስመሩን ቅደም ተከተል እያየ ይሸነሽናል። በትክክል ከተሠራ ያ ሁሉ ጨርቅ ታጥፎም የኋላው ጥለት ከፊቱ ጋር አንድ ይሆናል። ወታደሮቹ ደግሞ አንዷን መስመር መርጠው በየሽንሽኑ ላይ ይደግሟታል። እያንዳንዱ ሽንሽን ዳሌ ላይ ሰፊ፣ ወገብ ላይ ጠባብ ነው፤ ልክህን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። ከውስጥ የሚበዛው ጨርቅ ተቆርጦ ይወጣል፣ ጠንከር ያለ ሸራ ይገባበታል፣ ገበር ይለብሳል። ይህን በእጅ ሰፍቶ መጨረስ ቀናት ይፈጃል።

«እና ታርታኑ ወድቆ ጂንሱ አለፈ?» አሉ ጋሼ። «ጉድ ነው።»

ባለቀዩ ተከራከረ። «መንገድ ላይ ብንቆም ግን ሰው ኪልት ለበሰ የሚለው እኔን ነው።» እውነቱን ነው። ያየ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል።

የቤቱ እመቤት ደግሞ ሴት ለብሳውስ ኪልት ይባላል ወይ አለች። ይሄ ብዙ አላከራከረም። የሃይላንድ ውዝዋዜ የሚወዳደሩት ልጃገረዶች ኪልት ነው የሚለብሱት።

ባለጂንሱ አሜሪካ ውስጥ ሲያትል በ2000 የተጀመረውን ዩቲሊኪልትም አነሳ፤ ከወፍራም ጥጥ የሚሠራ፣ ባለ ትልልቅ ኪስ የሥራ ልብስ ነው። እዚሁ ኤድንብራም ሃዊ ኒኮልስቢ የሚባል ሰፊ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከጂንስና ከቆዳ ኪልት ሲሠራ ቆይቷል። ልብስ ሰፊዋ ዩቲሊኪልት ላይ ትንሽ አመነታች። ዘለበት የለውም፣ በብረት ቁልፍ ነው የሚዘጋው። ቆይታ ግን «ፊቱ ለጥ ያለ፣ ኋላው የተሸነሸነ ከሆነ አልከለክለውም» አለች።

እኔም የምፈርደው ለእሷ ነው። ከትልቁ ኪልት እስከ ጂንሱ ድረስ ጥለቱ ተለውጧል፣ ጨርቁ ተለውጧል፣ ቀበቶው ዘለበት ሆኗል፣ ዘለበቱም ቁልፍ ሆኗል። ያልተለወጠ አንድ ነገር አለ። ገላን ዞሮ የሚጠመጠም፣ ከፊት ለጥ ብሎ የሚደረብ፣ ሰውነት ከሚፈልገው በላይ የሆነ ጨርቅ ደግሞ ሁሉም ወደ ኋላ ተሰብስቦ የሚታጠፍ መሆኑ። ሲራመዱ ከኋላ የሚወዛወዘው እሱ ነው። ጨርቁን ከኋላ የሰረቀ ልብስ፣ የፈለገው ታርታን ቢታተምበት፣ እኔ ኪልት አልለውም።

የጋሼን ነገር ግን አልጥለውም። የታሰሩትን ሰዎች የሚያስብ ሰው ታርታኑን ቢወድ ደስ ይለኛል። የአንድ ወገን ማስታወሻ ነው፣ ለሰርግም ያምራል። እኔን ያስቆጣኝ የቀዩ ርካሽነት ሳይሆን ስሙ ነው። ቀናት ተቀምጣ መስመር ከመስመር የምታገናኝ ሴት ሥራዋን ኪልት ብላ ትሸጣለች። አጠገቧ ካውያ የነካው ጨርቅ በዚያው ስም ይሸጣል። ገዢው ልዩነቱን ካላወቀ የእሷ ዋጋ ውድ ብቻ ሆኖ ይታየዋል።

ስለዚህ ባለቀዩን ልጅ መልስና ገንዘብህን ተቀበል ብዬዋለሁ። የሰርግ ኪልት የሚያከራዩ ቤቶች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል። ከመከራየቱ በፊት ይገልብጠው፣ ሽንሽኑ እስከ ዳሌ መሰፋቱን ይይ፣ ጣቱን ይክተት። ባለጂንሱም ለሰርጉ ከሙሽራው ጋር የሚሄድ ይከራይ። ጂንሱን በማግስቱ ይልበሰው።