እንኳን ደስ ያለን፣ ዲዛይነር ጨመርን!

ሰሞኑን አገራችን አንድ ተጨማሪ ዲዛይነር አግኝታለች። ስሟን አልጠራም። ብጠራላችሁም አይጠቅማችሁም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ትመጣለች። መቼም የበዓል ሰሞን ቴሌቪዥን የከፈተ ሁሉ አይቷታል።

የሕይወት ታሪኳ አጭር ነው። ካሜራ የተተከለበት ቤት ውስጥ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ተቆልፎባት ከረመች። እዚያ «በርበሬውን ማን ጨረሰው?» የሚል ጠብ ተነሳና አለቀሰች። ለቅሶዋ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ወጣ፣ አገር አየው። በሦስተኛው ሳምንት ከውድድሩ ተሰናበተች። ከዚያ የፀጉር ቅባት አስተዋወቀች። ከዚያ ሪል ስቴት። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ስትነቃ ዲዛይነር ሆናለች። ሌላው ዓለም ልብስ መቁረጥ ለመማር ዓመታት ያባክናል። እኛ ጋ አንድ ሌሊት ይበቃል። ይህን ማድነቅ ያቃተው ምቀኛ ነው።

ፎቶውን አይታችሁታል? ሜትር አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች። ፊት ለፊቷ የስፌት መኪና አለ፤ ክር የለበትም። በእጇ የያዘችው መቀስ የፀጉር መቀስ ነው። ጥፍሯ ረጅም ስለሆነ መርፌ መያዝ አይመቻትም፤ ግን መርፌ መያዝ ድሮ ቀረ። አሁን የሚያዘው ስልክ ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው አሻንጉሊቷን ነው። ጋዜጠኛው፣ ደንቡ ነውና፣ «ወደ ሙያው እንዴት ገባሽ?» ይላል። እሷም፣ ደንቡ ነውና፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለአሻንጉሊቴ ልብስ እሰፋ ነበር» ትላለች። ጥሩ። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ አሻንጉሊቷ አንዲት ነበረች፤ የለበሰችውም ከእናትየው አሮጌ ነጠላ ጫፍ የተቀደደ ነው። ሁለተኛው ጣቢያ ላይ አሻንጉሊቶቹ ሦስት ሆኑ። የጎረቤት ልጆችም የየራሳቸውን ይዘው ወረፋ ጀመሩ። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ አሻንጉሊቷ ባለ ጥለት ቀሚስ ለበሰች፤ ጥለቱን የነደፈችውም ሕፃኗ ራሷ ናት፣ ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት። አራተኛው ላይ የአሻንጉሊቷ ቀሚስ ያማራቸው እናቶች ለሠርግ ሊያሰፉ ይመጡ ነበር ተባለ። ጋዜጠኛው «ዋው!» አለ። «እነዚያ እናቶች አሁን የት ናቸው?» ብሎ አልጠየቀም፤ ጨዋ ልጅ ነው። በዚህ አያያዝ በሚቀጥለው በዓል አሻንጉሊቷ ራሷ ስቱዲዮ ቀርባ «አዎ፣ ተሰጥኦዋ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያስታውቅ ነበር» ብላ ትመሰክራለች። እንባዋንም ትጠርጋለች። እኔ እንደሚመስለኝ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ከሉሲ ጎን ቦታ ሊሰጣት ይገባል። የራሷን ብራንድ ብትከፍትም አይፈረድባትም። ከሁለቱ መርፌ በቅርብ ያየችው አሻንጉሊቷ ናት።

ወደ ኮሌክሽኑ እንምጣ። ቀሚሶቹ ሽሮ ሜዳ ተሰቅለው የምናውቃቸው ናቸው። ዲዛይኑ ምኑ ላይ ነው የሚል ነገረኛ አይጠፋም። አንገቱ ላይ ነዋ! ከውስጥ በኩል፣ ስሟ የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቶበታል።

የቀሚሶቹን ጥለት የሠራው ሸማኔ ግን እሱም ስም አለው እኮ! ምናልባት የዶርዜ ልጅ ነው፣ ምናልባት የጨንቻ። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሠራ ይውላል። መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ይወረውራል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ያቆምና ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ባለቀለሙን ክር ያስገባል። አንድ ክር ከሳተ አበባው ጠማማ ይሆናል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ «አዲስ አበባ እናስተምረዋለን» ተብሎ ከጋሞ የመጣ ልጅ አጠገቡ አለ፤ ደብተር መያዝ ሲገባው ክር ይዟል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። እሺ፣ ስድቡ ቀረ እንበል። በስድቡ ፋንታ ምን ብለን ጠራነው? ፎቶው ላይ የለም። መድረኩ ላይ የለም። ያቺ ቁራጭ ጨርቅ ላይ እንኳ የለም። በላቡ ሌላው ይሸለምበታል፣ እኛ ደግሞ ቆመን እናጨበጭባለን። ያንገበግባል!

ይቅርታ፣ ለካ ምረቃ ላይ ነን።

ፈረንጅ አገርም መንገዱ የታወቀ ነው። ከነቤተሰቧ በሪያሊቲ ቴሌቪዥን የገነነች አንዲት አሜሪካዊት በ2019 እ.ኤ.አ. የውስጥ ልብስ ብራንድ ልታወጣ ስትል ስሙን «ኪሞኖ» አለችው። ጃፓኖች ተቆጡ። የኪዮቶ ከንቲባ ሳይቀሩ ስሙን ደግማ እንድታስብበት ደብዳቤ ጻፉላት። እሷም ስሙን «ስኪምስ» ብላ ለወጠችው። ኩባንያዋ በ2023 እ.ኤ.አ. 4 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። ጃፓኖቹ አሳዘኑኝ። ምን ዓይነት ሙድ የማይገባው ሕዝብ ነው! እኛ ብንሆን «ኪሞኖን ለዓለም አስተዋወቀችልን» ብለን ካባ እናለብሳት ነበር።

ካባ ማልበስ ላይ ማን ይደርስብናል? ከፖስቷ ሥር ውረዱና አንብቡ። «ንግሥቴ»። «የኛ ኩራት»። «እጅሽ ይባረክ»። የቱ እጇ? አንዱ ደግሞ «ባህላችንን ከጥፋት ታደግሽልን» ብሏል። ባህላችን ሽሮ ሜዳ ደርዘን ሙሉ ተሰቅሎ ደንበኛ እየጠበቀ መሆኑን አልሰማም።

እኔም ከሕዝብ አልለይም ብዬ ለእህቴ ልገዛላት አሰብኩ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሎ የለ! ፖስቱ ሥር «ዋጋው ስንት ነው?» ብዬ ጻፍኩ። «ኢንቦክስ ውዴ» ተባልኩ። ኢንቦክስ ገባሁ። «ሰላም ውዴ፣ ቴሌግራም ላይ ያናግሩን»። ቴሌግራም ሄድኩ። «ዋጋ በአካል ነው፣ ሾውሩማችን ይምጡ»።

ሄድኩ። የተቀበለችኝ ልጅ መጀመሪያ ጫማዬን አየች። ከዚያ ዋጋውን ነገረችኝ። ወንበር ፈለግኩ።

«ትንሽ አይቀንስም፣ እህቴ?»

«አይቀንስም። ግን ከዲዛይነሯ ጋር ፎቶ መነሳት አብሮ የተካተተ ነው» አለችኝ።

«እንግዲያው ቀሚሱ ይቅርብኝ። ፎቶው ብቻውን ስንት ነው?»

እሱን ኢንቦክስ ጠይቅ ተባልኩ።