ማስተካከያ፦ ከእናት አልጋ ጎን ስለሚገጠመው የሕፃን አልጋ

ባለፈው ሳምንት ከእናት አልጋ ጎን ስለሚገጠም የሕፃን አልጋ ስጽፍ፣ «በሁለቱ ፍራሾች መካከል ክፍተት ካለ ጋቢ አጥፋችሁ ጠቅጥቁበት» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ያነበባችሁትን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጨርቁ ሌሊት ይላላል፤ የሕፃኑ ፊት እዚያ ከገባ ይታፈናል። ትክክለኛው፣ የሕፃኑ ፍራሽ ከእናቲቱ ፍራሽ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ሆኖ፣ በራሱ ማሰሪያ ከአልጋው ጋር ግጥም ብሎ መታሰሩ ነው። አናጢ ቤት የተሠራ፣ ጎኑ ወፍራም ጣውላ የሆነ አልጋ ካላችሁ የሕፃኑን አልጋ ሳትገዙ በፊት ለኩ። ክፍተት የሚተው ከሆነ ይቅርባችሁ፤ አራቱም ጎኑ የተከለለ፣ ለብቻው የሚቆም አልጋ እዚያው ክፍላችሁ ውስጥ ብታደርጉ ይሻላል።

ሌላው ስለ ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳር ሌሊቷን አውቀዋለሁ። ቢሆንም «በብርድ ልብስ ሸፍኑት» ማለቴ ልክ አልነበረም። ልብስ ደርቡለት እንጂ አልጋው ውስጥ ብርድ ልብስም ትራስም አይግባ። ደረቱን ወይም ማጅራቱን ዳስሱት፦ ካላበው ልብሱ በዝቶበታል፤ ከቀዘቀዘው አንድ ጨምሩለት። እጁ ብቻ ቢቀዘቅዝ አትደንግጡ። የከሰል ምድጃ ግን አራስ ቤት አስገብታችሁ እንዳትተኙ፤ ጭስ ባይታይበትም ይገድላል።

«እስከ 1 ዓመት ያገለግላል» ያልኩትም ይሰረዝ። ሕፃኑ መገልበጥ ወይም በእጁና በጉልበቱ መነሳት ሲጀምር፣ ብዙ ጊዜ 6 ወር ሳይሞላው፣ ከዚህ አልጋ ይውጣ። በጀርባው ማስተኛቱ ግን እስከ 1 ዓመቱ ይቀጥላል።