ሲሄዱ 10፣ ሲመለሱ 20 ሰዓት?

ሰሞኑን ቡና ላይ ከቦሌ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል በሚል ተጨቃጨቅን። ነገሩን ያነሳው እናቱን ቨርጂኒያ ያለችው እህቱ ዘንድ ሊልክ ትኬት የቆረጠ ወዳጃችን ነው። ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ከአዲስ አበባ ማታ 4፡30 ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 2፡30 ይደርሳል። ሲመለስ ጠዋት 5 ሰዓት ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ይገባል።

"መሄጃው 10፣ መመለሻው 20! አንድ መንገድ እንዴት እጥፍ ይሆናል?" አለ።

አንዱ ቀበል አድርጎ "ምድር ትሽከረከር የለ እንዴ" አለ። አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ሲበር ምድር ወደ ምሥራቅ እየዞረች አሜሪካን ታቀርብለታለች ባይ ነው። ሌላው አልተዋጠለትም። "አየሩም እኮ አብሮ ነው የሚዞረው! ዋናው ንፋሱ ነው፤ ከላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲሄዱ ከፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። የሚረዝመው መሄጃው ነው።"

"ታዲያ ትኬቱ ሊዋሽ ነው?"

ትኬቱ አልዋሸም። መነሻውም መድረሻውም የተጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ትቀድማለች። ጉዞው በእነሱ በጋ ስለሆነ በ10ሩ ላይ 7 ሲደመር መሄጃው 17 ይሆናል፣ ከ20ው ላይ 7 ሲቀነስ መመለሻው 13።

ይህን ስናሰላ ክርክሩ ባሰበት። የአራት ሰዓት ልዩነት ከየት መጣ? ባለ ምድሩ አሁን ደግሞ "መንገድ ላይ ትርፍ ሰው ሊጭኑ ነው የሚቆሙት" አለ።

እኔ የምስማማው ከባለ ንፋሱ ጋር ነው፤ ግን ንፋሱ ብቻውን አይበቃም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል፤ ለዓመታት አንዴ ሮም፣ አንዴ ደብሊን እያረፈ ሄዷል። ማረፉ፣ መሙላቱ፣ እንደገና መነሳቱ ሰዓቱን ይበላዋል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ነዳጁን ጢም አድርጎ ይነሳል፣ ንፋሱም ይገፋዋል፣ በቀጥታ ቦሌ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሆኑ ለዚህ ችግር ትልቅ እፎይታ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን የእናትየው ነገር ነው። የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ልጆቻቸው በ10 ሰዓት ሒሳብ ቢሸኟቸው የመድኃኒቱ ሰዓት በሙሉ ይዛባል። 17ቱን ሰዓት፣ ቀድሞ ቦሌ መድረሱንም ጨምረው ያስሉ፣ የሚዋጠውን ክኒን ከሻንጣ አውጥተው በእጅ ቦርሳ ያድርጉላቸው፣ መቀመጫውንም እግራቸውን ለማፍታታት እንዲመች ወደ መተላለፊያው በኩል ይያዙላቸው። ደግሞ አንድ ነገር እንዳይረሱ፦ መንገድ ላይ ለነዳጅ ሲያርፍ አብዛኛውን ጊዜ ተሳፋሪ አይወርድም። "እማዬ፣ መጀመሪያ ሲያርፍ አሜሪካ አልደረስሽም፣ እንዳትነሺ" ብሎ ዛሬውኑ ይንገራቸው።