አከራይን ከመውቀሳችሁ በፊት መሬቱን ልቀቁ

ሰሞኑን አንድ የከተማው ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርበው ነበር። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የናረው በአከራዮች ስግብግብነት ነው አሉ። ስለዚህ ቁጥጥሩ ይጠብቃል፤ ከተፈቀደው በላይ የጨመረም ይቀጣል። ንግግሩ አዲስ አይደለም። የኪራይ ቁጥጥር አዋጁ፣ ማለትም የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም መንግሥት በየዓመቱ ከሚወስነው እንዳያልፍ የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 1320/2016፣ ከወጣ ወዲህ በየስብሰባው የሚባለው ይኸው ነው። እኔ ግን ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እስቲ ይህን ስግብግብነት እንየው። አከራይ በ2005 ለጋስ ነበር? ስግብግብነት የያዘው በ2016 ነው? ሰው ድሮም ዛሬም ላለው ነገር የተሻለ ዋጋ ይፈልጋል። ሽንኩርት ሻጭም፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ የሚል ሠራተኛም ያንኑ ነው የሚፈልገው። ኪራይን የሚወስነው የአከራይ ፍላጎት ቢሆን ኖሮ ገርጂ ያለች አንዲት አከራይ ሰርቪሷን በወር መቶ ሺህ ብር ታከራየው ነበር። የማታደርገው ተከራዩ ከጎኗ ወዳለው ግቢ ስለሚሄድባት ነው። ዋጋን ልክ የሚያስይዘው ሌላ ቤት መኖሩ ነው። ሌላ ቤት ሲጠፋ ኪራይ ይሰቀላል። ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። ከደላላ ጋር አንድ ቀን መዞር ይበቃል።

ታዲያ ቤት ለምን ጠፋ? ኃላፊዎቻችን ዝም የሚሉት እዚህ ላይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በተግባር ግን ቁልፉ ያለው በመንግሥት እጅ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቤት ልሥራ ለሚል ሰው አዲስ መሬት የሚያቀርበው አንድ አካል ነው። ሲፈልግ ጨረታ ያወጣል። ሲፈልግ ለዓመታት ይዘጋዋል። አንድ ካሬ ሜትር በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ብር ሲሸጥ አይተናል። በዚያ ዋጋ ቦታ የገዛ ሰው ለመምህርና ለነርስ የሚሆን ባለ አንድ መኝታ ቤት ሊሠራ አይችልም፤ ሆቴልና የንግድ ሕንፃ ነው የሚሠራው። መሬቱን አስርቦ የያዘው አካል ዞሮ አከራዩን ስግብግብ ሲል መስማት ያንገበግባል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ይህን ፈተና አንዴ ወድቀንበት ማለፋችን ነው። ሐምሌ 1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ኪራይም በአዋጅ ተቀነሰ። ግለሰብ ከቤት ኪራይ ገቢ እንዳያገኝ ተከለከለ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። ያኔም የተባለው ተከራዩን ከበዝባዥ እናድናለን ነበር። ተከራዩም እውነትም ደስ ብሎት ነበር። ለአሥርት ዓመታት በወር ጥቂት ብር እየከፈለ ኖረ።

ግን ያ ጥቂት ብር ጣሪያ አያስጠግንም። ቆርቆሮው ዛገ፣ የጭቃው ግድግዳ ተቦረቦረ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሸራ ይወጠራል፣ ባልዲ ይደቀናል። መጸዳጃ ቤቱ የግቢው ሁሉ ነው፤ የጋራ ስለሆነም ሲሞላ የሚያስመጥጠው የለም። ቀበሌ የሚጠግንበት ገንዘብ የለውም። ተከራዩ ከኪሴ ልጠግን ቢል ፈቃድ አምጣ ይባላል። ፈቃዱን አግኝቶ ቢጠግንም ቤቱ የእሱ አይደለም። ልጆች ሲያድጉ ቆጥ ተሠራ። ሲያገቡ ቆጡ በመጋረጃ ተከፈለ። ለምን ሌላ ቤት አልተከራዩም? የት አለና! ለማከራየት ቤት መሥራት በሕግ በተከለከለበት አገር ማን ጡብ ይደረድራል? የሰው ቁጥር እየጨመረ፣ ቤቱ ባለበት እያረጀ፣ አንድ ትውልድ ሙሉ አለፈ። ከዚያ በ2016 የኮሪደር ልማት መጣና ፒያሳ ላይ የነበሩት እነዚያው የቀበሌ ቤቶች በዶዘር ተገፉ። ያዳንነው ተከራይ የታለ? ቤቱስ? በርካሽ ኪራይ ሃምሳ ዓመት ገደማ የተኖረበት ቤት ነዋሪው የማይሸጠው፣ የማያወርሰው፣ ሲፈርስም የባለቤት ካሣ የማይጠይቅበት ሆኖ ቀረ።

ደርግ ወደቀ። መንግሥት ቤት ልሥራ፣ መንግሥት ላድል የሚለው ልማድ ግን አልወደቀም። በ2005 በመቶ ሺዎች ሰዎች ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው መቆጠብ ጀመሩ። ብዙዎቹ ዛሬም ተከራይ ናቸው። ሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ እንኳን ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ። ዕጣ በትክክል ማውጣት ያቃተው አስተዳደር ነው እንግዲህ የእያንዳንዱን ግቢ የኪራይ ጭማሪ በየዓመቱ ልወስን የሚለው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሐምሌ 2016 መንግሥት የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀ። በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔ ውሳኔው ትክክል ነው ከሚሉት ነኝ። የዶላርን ዋጋ ለዘላለም በትእዛዝ መያዝ እንደማይቻል መንግሥት ራሱ አመነ። በትእዛዝ ሲያዝ ጥቁር ገበያ እንደሚደራ፣ ዶላሩም ከባንክ እንደሚጠፋ ራሱ አስረዳን። ይህንን በሐምሌ የሚያውቅ ሰው ከአንድ ወር በፊት፣ በሰኔ፣ የኪራይ ውል ሲያስመዘግብ እንዴት ረሳው? ዶላር ሲታሰር ከተደበቀ ቤትም ሲታሰር ይደበቃል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ሁሉ ጨምሯል። በሁለት ሰርቪስ ኪራይ ጡረታዋን የምትደጉም እናት ብቻ ናት ቁሚ የተባለችው።

መደበቁንም እያየነው ነው። ለወረዳ የሚጻፍ ዋጋ አለ፣ በእጅ የሚሰጥ ዋጋ አለ። ሁለት ዓመት ማስወጣት አልችልም ብሎ የሚያስብ አከራይ ገና ከበሩ ላይ ይመርጣል። ልጅ ያላቸው አይሆኑም፣ ወንደላጤ ይሁን፣ ዋስ አምጣ ይላል። ልጇ ከቤሩት በዓመቱ ትመጣለች ብላ የምትጠብቅ እናት ክፍሉን ቆልፋ ብታስቀምጠው ይሻላታል። በዚህ ሁሉ የሚጎዳው ከክፍለ ሀገር በአንድ ሻንጣ የመጣው ወጣት ነው። ቤት ይዞ ለተቀመጠው የወጣ ሕግ ቤት ለሚፈልገው በር ይዘጋል።

አርጀንቲናን ተመልከቱ። እዚያም በ2020 እ.ኤ.አ. እንደኛው ያለ ሕግ ወጣ። ውሉ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይሁን፣ ጭማሪው በዓመት አንዴ በመንግሥት ስሌት ይሁን ተባለ። አከራዮች ቤታቸውን ከገበያ አወጡ። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ሚሌይ መንግሥት ሕጉን ሲሽረው በቦነስ አይረስ ለኪራይ የሚቀርበው ቤት በወራት ውስጥ እጅግ ጨመረ። ሕጉ ሲነሳ ቤቱ ከየት መጣ? ከተቆለፈበት ነው የመጣው።

ክፉ አከራይ የለም አላልኩም። ተከራይን በሌሊት ዕቃውን የሚያወጣ፣ ውሃ የሚዘጋ አለ። ለእሱ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ጀምሮ የቤት ኪራይ ድንጋጌ አለው። የጎደለው ፈጥኖ የሚፈርድ ዳኛ ነው። ዳኛውን አጠናክሩ። ሁለት አዋቂ ሰዎች ተያይተው፣ ተከራክረው፣ ቡና ጠጥተው በተስማሙበት ዋጋ መካከል ሦስተኛ ሰው ማስገባት ግን የማንም ሥልጣን መሆን የለበትም። ቤቱ የአከራይዋ ነው፤ ገንዘቡ የተከራዩ ነው።

በ2016 ክረምት የተመዘገቡት የሁለት ዓመት ውሎች በ2018 ክረምት ያበቃሉ። አከራዩ ያን ጊዜ የሁለቱን ዓመት የኑሮ ውድነት ሁሉ በአንድ ላይ ይጠይቃል። ለሚመጡት ሁለት ዓመታትም አስቀድሞ ይጨምርበታል። ተከራዩ ደግሞ የሚሄድበት ሌላ ቤት አይኖረውም፤ በመካከሉ የተሠራ የለማ። ኃላፊው ያኔም በቴሌቪዥን ቀርበው ስግብግብነት ነው ሊሉን ነው? ከመቅረባቸው በፊት በየክፍለ ከተማው በቆርቆሮ ታጥሮ ሣር የበቀለበት ቦታ ምን ያህል እንደሆነ ይንገሩን። ለማን፣ መቼና በስንት ብር እንደሚለቀቅም ይጨምሩበት።