ችግሩ ዋት አይደለም

ስለ ሸክላ ማጫወቻ የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን «የሸክላ ማጫወቻችሁ ድምፅ ካነሰ ጉልበት ያለው አምፕሊፋየር ግዙ» የሚለው ላይ አልስማማም። እኔም እንዲህ ብዬ ብሬን አቃጥያለሁ። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ድረስ ይሰጣል። ከሸክላ መርፌ የሚወጣው ግን፣ በተለመደው ማግኔቱ በሚንቀሳቀሰው ዓይነት፣ 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ፎኖ ፕሪአምፕ ያስፈልጋል። እሱ 100 ጊዜ ያህል ያጎላዋል፤ ሸክላው ሲቀረጽ የተቀነሰውን ቤዝም ይመልሳል። የፕሪአምፑ መግቢያ የኤሌክትሪክ መቋቋም (ኢምፒዳንስ) 47 ኪሎ ኦም መሆኑን እዩ። ማጫወቻውን ያለ ፕሪአምፕ በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ሲዲ መግቢያ ላይ ከሰካችሁት ድምፁ ቀጭን፣ የቆርቆሮ ዓይነት ነው የሚሆነው። አንዳንዱ ማጫወቻ ደግሞ ፕሪአምፑ ውስጡ አለ። ከኋላው «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል ማብሪያ ፈልጉ፤ ውስጡ ያለው ፕሪአምፕ የሚሠራው «ላይን» ላይ ሲሆን ነው። የኔው ነበረው፤ «ፎኖ» ላይ ተረስቶ ነው እንጂ። ያየሁት አዲሱን አምፕሊፋየር ተሸክሜ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው!