ቡውካ፣ ቡውኪ፣ ቡዌክ

ፖላንድ በገባሁ በመጀመሪያው ወር፣ ዳቦ ቤት በሄድኩ ቁጥር የምገዛው አንድ ዳቦ ብቻ ነበር። ገንዘብ አጥቼ አይደለም። ሰዋስው ፈርቼ ነው።

ትንሿ ዳቦ በፖላንድኛ ቡውካ ትባላለች። አንድ ስጡኝ ስትል ቡውኬ ትሆናለች። ሁለት፣ ሦስትና አራት ከሆነች ቡውኪ። አምስት ስትሞላ ደግሞ ቡዌክ! ዳቦው ያው ዳቦ ነው፤ ስሙ ነው እንዲህ የሚገለባበጠው። በዚህ ቋንቋ ስም በሰባት መንገድ ይረባል። የማልረባው እኔ ብቻ ነኝ።

የምኖርበት ከተማ ራሱ ጉድ ሠርቶኛል። ስሙን ያነበብኩት በላቲን ፊደል ነው፤ ‘ሎድዝ’ ይላል። ዋርሶ ባቡር ጣቢያ ‘ሎድዝ’ ብዬ ትኬት ብጠይቅ ሴትዮዋ ግራ ገባት። ለካ ‘ዉች’ ነው የሚባለው። እዚሁ ዉች ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ለውጭ ዜጎች ፖላንድኛ ሲያስተምር ኖሯል። ከእኔ በፊት ስንቱ ተንተባትቦ እንዳለፈ ሳስብ ትንሽ እጽናናለሁ።

ደግሞ ‘ኖ’ የምትባል ቃል አለች። የፖላንድ ሰው በወሬ መሃል ‘ኖ’ ካለህ ‘አዎ’ ማለቱ ነው። ይህን ሳላውቅ አብሮኝ የሚኖረውን ልጅ ‘ቁልፉ አንተ ጋ ነው?’ አልኩት። ‘ኖ’ አለኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ኪሴን፣ ቦርሳዬንና አልጋዬን ስበረብር ቁጭ ብሎ አየኝ።

ምላሴ ግን ችግር የለበትም። መምህራችን አንድ ቀን ‘ሽቼንሽቼ’ የሚለውን ቃል ጻፈችልን፤ ዕድል፣ ደስታ ማለት ነው። በላቲን 9 ፊደል ፈጀባት። እኔ ደብተሬ ላይ በግዕዝ ፊደል በ5 ገላገልኩት። ሽ፣ ች፣ ዥ ከእናታችን ጡት ጋር የጠባናቸው ድምፆች ናቸው። (እርግጥ እነሱ ሁለት ዓይነት ሽ አላቸው። ጆሮዬ እስካሁን አንድ ነው ብሎ ድርቅ ብሏል።)

የያዘኝ ይሉኝታ ነው። እሱም ከፖላንዶች አይደለም። እነሱ ‘ጄን ዶብሪ’ ብለህ ሰላም ካልካቸው ‘እንዴት ጎበዝ ነህ!’ ይሉሃል። እኛስ ብንሆን፣ ፈረንጅ ‘አመሰጊናሎ’ ሲል እልል ብለን አይደል የምናጎርሰው? የአገራችን ልጅ እንግሊዝኛ ሲሳሳት ግን ለዓመታት መቀለጃ እናደርገዋለን። ስለዚህ ሰልፉ ላይ ሐበሻ ካየሁ አፌ ይያያዛል።

ባለፈው ቅዳሜ የፈራሁት ደረሰ። ዳቦ ቤት ተሰልፌ ዞር ስል ከኋላዬ ‘ፕሮፌሰር’ ቆሟል። ፖላንድ ስድስት ዓመት ስለኖረ ያወጣንለት ስም ነው። የማናችንም ፖላንድኛ ከእሱ እርማት አያመልጥም።

‘ስዉኻም?’ አለችኝ ሻጯ። ‘ምን ልታዘዝ’ ለማለት ‘እሰማለሁ’ ነው የሚሉት። እኔን የሚያስፈራኝም መስማቷ ነው። ፕሮፌሰር እያየኝ አንድ ዳቦ መግዛት ደግሞ ሌላ ሐሜት ነው። ላብ በጀርባዬ ወረደ።

‘ፖፕሮሼ ፒየንች… ቡውኪ።’

‘ፒየንች ቡዌክ’ አለች፣ ቀና ሳትል። አምስቱን ቆጥራ ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከተተችልኝ። አለቀ። ማንም አልሳቀም። ከፕሮፌሰር ኋላ ያሉት አሮጊት የሚያዩት ሰዓታቸውን ነው።

ተራው የፕሮፌሰር ሆነ። ልማር ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ጉሮሮውን ጠረገ። ኮቱን አስተካከለ። ከዚያ በጣቱ የእኔን ከረጢት አሳየና፣

‘ቶ ሳሞ’ አለ።

እንደሱ አድርጊልኝ ማለቱ ነው።

ውጭ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ኮስተር ብሎ ዞረብኝ።

‘ቡዌክ ነው እኮ የሚባለው። አምስት ሲሆን።’

‘ስድስት ዓመት ሙሉ ቶ ሳሞ እያልክ ነው እንዴ የኖርከው?’

‘ኖ’ አለኝ።

በእንግሊዝኛ ይሁን በፖላንድኛ አልጠየቅኩትም።